የጠረጴዛው ቁመት

አናጢውን በሽታ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ የተከራየው ሱቅ ተዘግቶ ከረመ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ደንበኛው ሌላ አናጢ ፈለገ፤ አከራዩም ሱቁን ልቀቁልኝ አለ። ሐኪሙ እንኳ አፉን ሞልቶ "ይድናል" አላለም። ሴት ልጁ ግን መስማት የፈለገችውን ብቻ ሰምታ ተመለሰች፤ አባቷ ዳግመኛ መጋዝ ሲይዝ ካላየች ዕረፍት የላትም።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ክፍል ጠርጋ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብታ ዕቃውን ሁሉ አስመጣች። መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መሮዎቹን ልክ በሱቁ እንደነበሩት ሰቀለች። ከባዱን የሥራ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር አቆመች።

እናቷ ከበሩ ላይ ሆና "ልጄ፣ ሙዚየም ነው እንዴ የምትሠሪው?" አለቻት።

"አባዬ ሲገባ እጁ ራሱ ቦታውን ያውቀዋል" አለች ልጅቱ።

አናጢውን ደግፈው አስገቡት። ዙሪያውን አየ። እጁን ወደ መጋዙ ሊዘረጋ ሲል ቀኙ ከጎኑ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ነገር የተሰቀለው በቀኝ በኩል ነበር። ልጅቱ ያን ጊዜ ገባት፤ የአባቷን ሱቅ እንጂ የአባቷን እጅ አላሰበችም ነበር።

"ወደ ግራ ላዙረው፣ አባዬ። አሁኑኑ አዞረዋለሁ!"

"ተይው። ያንቺ ቀኝ ደህና አይደለም?"

ጠረጴዛውን አየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራው ሠርታለች፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትልግ ግን ሁልጊዜ ከእግሯ ሥር ሳንቃ ታነጥፍ ነበር። የአናጢ ጠረጴዛ የሚለካው በባለቤቱ ነው፦ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲለቅ መዳፉ እስከሚያርፍበት ድረስ። አባቷ ደግሞ ረጅም ነው። አንድ ጣት ያህል እናሳጥረው ያለውን ሁሉ ሲቆጣ ኖሯል።

"እስቲ ጠጋ ብለሽ ቁሚ" አላት። "እጅሽን ልቀቂው።"

በግራ እጁ እርሳስ ይዞ፣ መዳፏ ካረፈበት ላይ የጠረጴዛውን እግር ምልክት አደረገበት። መስመሩ ጠማማ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጠማማ መስመር አይቶ የማያልፍ ሰው ይህን አለፈው።

"በዚህ ልክ ቁረጪው።"

"አንተስ ስትድን?" አለች እንባዋ እየቀደማት።

አናጢው ጠረጴዛውን በደህናው እጁ ዳበሰው።

"ስድን ጎንበስ እላለሁ።"