ከሥልጠና በፊት

"ዜሮ ነው ወይስ ዜሮ አካባቢ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ዜሮ አካባቢ" አለች።

"እንግዲያው ዜሮ እንበለው።" ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ዓመት ሙሉ ሰው አሠለጠንን፣ ሰው ላይ ገንዘብ አፈሰስን፣ ያፈሰስነውን ውሃ በላው ማለት ነው። የለካሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አላልኩም።"

እውነቱን ነው፣ የለካችው እሷ ናት። በርና መስኮት ከአሉሚኒየም የሚሠራው የዚህ ድርጅት የሰው ኃይል ባለሙያ ስለሆነች መለኪያውን ያወጣችውም እሷው ናት። የየክፍሉ ኃላፊ ለሠራተኛው ከሥልጠና በፊት ከአሥር ነጥብ ይሰጣል፣ ከሥልጠና በኋላም እንደገና ይሰጣል፤ በመካከል ያለው ልዩነት ድርጅቱ ሰው ላይ ካወጣው ያተረፈው ነው። ሲያወሩት እንዲህ ያለ የጠራ ነገር የለም።

"ተቆርጦ የሚጣለው አሉሚኒየም ግን በጣም ቀንሷል" አለች።

"እሱ የአዲሱ ማሽን ሥራ ነው። ማሽኑን ለሰው አትስጪው።" ሰዓቱን አየ። "ከሰዓት የክፍል ኃላፊዎቹ ባሉበት ውጤቱን ታነቢያለሽ። የሥልጠና ክፍሉ መጋዘን ይሁን። የጋሽ ሚሊም ውል በዚሁ ያበቃል። ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው፤ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት።"

ጋሽ ሚሊ አሠልጣኙ ናቸው። "አንድ ሚሊ ካለፈ በሩ አይዘጋም!" እያሉ ሰው ሲጨቀጭቁ ስለሚውሉ ስሙን ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው፤ እሳቸውም ተቀብለውታል።

"እሺ" አለች።

ድሮ ቢሆን ትከራከር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ የተሰናባቾቹን ስም ግቢው መካከል ቆማ ያነበበችው እሷ ነበረች። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ላልቅስ ብትል እንባው እምቢ አላት። ከዚያ ወዲህ ውስጧ ተኝተውበት እንዳደሩት ክንድ ነው፤ የራሷ መሆኑን ታውቃለች፣ ሲነኩት ግን አይሰማትም። ልጇ ከትምህርት ቤት ሽልማት ይዛ ስትመጣ "ጎሽ" ትላለች፣ ባሏ ሲቆጣ "ይሁን" ትላለች። ባልየው መጀመሪያ ላይ ሰላም አገኘሁ ብሎ ነበር። አሁን አሁን ግን ራት ላይ ሰረቅ እያደረገ ያያታል።

ወደ ሥልጠና ክፍሉ የሚወስደው መንገድ በቆረጣ ክፍሉ ውስጥ ያልፋል። ደረጃውን ስትወርድ ወረቀቱን እንደዋዛ ገለጥ አደረገችው። "ከሥልጠና በፊት" በሚለው ሥር ዘጠኝ፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥር ይላል። እስካሁን ቁጥሩን ስትደምረው ነው የከረመችው፣ አላየችውም ነበር። ወረቀቱን እንደገለጠች ወደ ቆረጣ ክፍሉ ገባች።

የቆረጣ ክፍሉ ኃላፊ ሰውነቱ በበር የማይገባ፣ ሳቁ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አድርጋ አንድ ስም አሳየችው።

"ይሄን ሰውዬ ከመሠልጠኑ በፊት አሥር ሰጥተኸዋል። መለካት ያውቅ ነበር?"

"የት አባቱ ያውቃል! የመስኮት ቁረጥ ስትይው የበር ቆርጦ የሚያመጣ ሰው ነበር እኮ።"

"ታዲያ አሥር?"

ሳቁን ዋጥ አደረገ። "እህቴ፣ ያኔ ሰው ሲቀነስ በምን ነበር የተለየው?"

"በነጥብ።"

"ነጥቡን ሙሉ ብላ ወረቀት ያመጣችልኝስ?"

"እኔ ነኝ።"

"በይ እንግዲህ። ዘንድሮ ደግሞ ወረቀት ይዘሽ ከተፍ ስትይ አራት ብዬ ልሙላልሽ? የልጆች አባት ነው። አንቺ ችሎታውን ጠየቅሽ፣ እኛ ደግሞ ይቆይ ወይስ ይሂድ ተባልን ብለን ሞላን።"

"ከሥልጠና በኋላስ?"

"ያው አሥር። ከአሥር በላይ መቼ አስቀመጥሽልን?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ያስቃል። "አሁን አስተካክለው" አለችው።

"አያውቅም ነበር ብዬ በፊርማዬ? ነገ ሌላ ቅነሳ ቢመጣ ያንን ወረቀት ከየት ታወጡታላችሁ፣ ከመሳቢያችሁ አይደለም?"

"ጋሽ ሚሊን ሊያሰናብቷቸው ነው።"

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው። "እሳቸው አንድ ሰው ናቸው" አለ በመጨረሻ። "እኔ ስንቱን ነው የያዝኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።" ማሽኑን አስነሳው፤ ከዚያ በኋላ ቢነጋገሩም አይደማመጡም ነበር።

ጋሽ ሚሊ የሥልጠና ክፍሉ ውስጥ ሜትሮቹን አንድ በአንድ እየጠቀለሉ ነበር።

"ግቢ ልጄ። ፊትሽ ደግ ነገር አልያዘም።"

ቆማ ነገረቻቸው። የተጠና ነገር እንደሚያነብ ሰው፣ መጋዘን መሆኑንም ውሉንም ሳታዛንፍ ተናገረች።

"ለመሆኑ ስንት አገኘሁ?"

"ዜሮ አካባቢ።"

"አካባቢ ብሎ ልክ አለ እንዴ?" ሳቁ። ብቻቸውን መሳቃቸውን ሲያዩ ተዉትና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ያን ሁሉ ጊዜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስለፈልፍ አንድ ሰው እንኳ አልተማረም?"

"ተምረዋል፣ ጋሼ። በፊት እንደማያውቁ የጻፈ ሰው ነው የጠፋው።"

"አንቺስ?"

"እኔ?"

"የቢሮ ሰዎችም ሥራውን ይወቁት ተብላችሁ ሰንብታችሁ የለም እንዴ? ሜትሩን ገልብጠሽ ስትቆጥሪ ያገኘሁሽ እኔ አይደለሁም? እናንተ ደግሞ ነጥቡን ለራሳችሁ ነው የሰጣችሁት አሉ። ከሥልጠና በፊት ስንት ነበርኩ አልሽ?"

"ስምንት" አለች።

አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይሻል ነበር። ሌላ ሜትር አንስተው መጠቅለል ጀመሩ፤ እሷም ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ወጣች።

ከሰዓት ስብሰባው ተጀመረ። ከሥራ አስኪያጁ ጎን ቆማ የመገጣጠሚያ ክፍሉን አነበበች፣ የቆረጣውን አነበበች፣ ቀጥላ የቢሮውን ጀመረች። የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ንባቧን አቆመች። ለምን እንደሆነ ቶሎ አልገባትም። ፈርታ ነበር። የተሰናባቾቹን ስም ካነበበች ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት ቢሆንም እንዲሄድባት አልፈለገችም።

"የእኔ የበፊቱ ነጥብ ስህተት ነው" አለች። "ስምንት ብያለሁ፣ አንድ ነው። ሜትር መያዝ አላውቅም ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። "ታዲያ ለምን ስምንት አልሽ?"

"ስለፈራሁ።"

"ምኑን?"

"ይሄን ወረቀት። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ ያስፈራሁትም እኔ ነኝ።"

የቆረጣው ኃላፊ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያያል።

"በአንድ ሰው ነጥብ ድምሩ አይቀየርም" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አይቀየርም።"

"ደግሞ በነጥብ ከሁሉም የመጨረሻዋ አንቺ ትሆኛለሽ። እሱንስ አስበሽበታል?"

"አስቤበታለሁ።"

"ጥሩ። የሌሎቹን ጨርሺ።"

"የሌሎቹን አላነብም። የማውቀው የራሴን ነው፤ የቀረውን የሚያውቁት እዚህ ተቀምጠዋል።"

ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጠችለት። ከጎኑ የነበረውን ወንበሯን ትታ ጠረጴዛውን ዞረችና ከክፍል ኃላፊዎቹ መካከል፣ ከቆረጣው ኃላፊ አጠገብ ተቀመጠች።