ወባ አይሸጥም

አሰጋሽ ክንፉን ለመበቀል ስትነሳ በእጇ የነበረው መሣሪያ የሰውዬው የራሱ ስንፍና ብቻ ነበር። ክንፉ አዲስ አበባ ተቀምጦ የደራስያንን ሥራ ለአሳታሚ የሚያሻሽጥ ወኪል ነው። ሻርፑን ከአንገቱ አያወርድም፤ ከንባብ ጋር ግን ብዙም አይተዋወቅም።

አሰጋሽ ልብ ወለድ ጸሐፊ ናት። ጦርነቱ ከመተማ አባሯት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ገብታ ሻይ ትሸጣለች፤ አጨዳ ሲደርስ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ ቦታ ወርዳ ሰሊጥ ታጭዳለች። «ልብ ወለዱ ይቆየን፤ ያለሽበትን በደብዳቤ ጻፊልኝ» ያላት ክንፉ ነው። እየጻፈች በስልክ ትልክለታለች፣ እሱም በጋዜጣ ያወጣላታል።

አንድ ጊዜ ስለ ዙፋን ጻፈችለት። ዙፋን አብራት የምታጭድ ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና ነዳጅ አጥቶ በወባ ሞተች። ክንፉ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ወባ አይሸጥም። ልጅቷን ወታደሮች ይድፈሯት።»

አይሆንም አለችው። ጋዜጣው ሲወጣ ግን ዙፋን ተደፍራ ሞታለች፤ ከላይ የአሰጋሽ ስም ተጽፏል።

ወሬው በየሰዉ ስልክ ቁረይሻ ደረሰ። የዙፋን እናት እናትነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገዳሪፍ ድረስ መጣችና ሻይ መሸጫው ፊት ቆመች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ እንዲያ አልጻፍኩም፣ እትዬ።»

«ስምሽ አለበት አሉኝ። ልጄን በእጄ ገንዤ የቀበርኳት እኔ ነኝ። አሁን ሰዉ ‹ደብቃን ኖሯል› እያለ ከንፈሩን ይመጥብኛል። የልጄን ስም መልሽልኝ።»

አሰጋሽ ክንፉን እንዲያርም ለመነችው። «አንባቢ አልቅሷል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ደሟ ፈላ። መሳደብ አማራት፤ ለስድብ ደግሞ ቃል አጥሯት አያውቅም። ግን ጥርሷን ነክሳ የላከችውን ከታተመው ጋር ማስተያየት ያዘች። ክንፉ የነካካው ሁሉ በየደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ የፊደል ግድፈቷ እንኳ እንዳለ ታትሟል። ወታደሮች ገደሏት የተባለችው ዙፋን በሦስተኛው ገጽ ላይ አሁንም የወባ ኪኒን ትውጣለች። ሰውዬው ከአንድ ገጽ አልፎ አያነብም ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ክንፉ ደብዳቤዎቹን በመጽሐፍ ሊያወጣ ፈለገ፤ ማሳረጊያ የሚሆን ረጅም ደብዳቤ ጠየቃት። «እሺ ጋሼ» አለችው፣ ማር በመሰለ አንደበት። የመጀመሪያውን ገጽ እንባ በእንባ አደረገችው። ከሁለተኛው ጀምሮ የእሱን መልእክቶች አንድ ቃል ሳትለውጥ ደረደረቻቸው። ወዲያው «አነበብኩት፤ አለቀስኩ» ሲል ጻፈላት። አሰጋሽ ሳቋ አምልጧት የደንበኛ ሻይ ደፋች።

መጽሐፉ ታትሞ ገጾቹ በስልኳ ሲደርሷት ለምረቃው ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፦ «ገጽ ሰማንያ ሰባት ይነበብልኝ።» ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ለንባቡ ሶሊያና የምትባል ታዋቂ ተዋናይት ቀጠረ።

በቀኑ አሰጋሽና እናትነሽ ገበያው መሃል ካለ ዱካን ገብተው ከአዳራሹ ጋር በጥሪ የተገናኘውን የባለ ሱቁን ስልክ ከበው ተቀመጡ። ባለ ዱካኑ ኔትወርኩ ደህና መሆኑን አይቶ «ሸበካው ተማም ነው» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገላቸው። ክንፉ ስለ ራሱ ድካም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ አዳራሹ አጨበጨበለት። መጽሐፉ ተሽጦ በየሰዉ ጭን ላይ ነበር። ሶሊያና ገጹን ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

«‹ወባ አይሸጥም። ልጅቷን ወታደሮች ይድፈሯት።› ይህን የጻፈልኝ ወኪሌ ክንፉ ነው።»

በአዳራሹ ሰዎች ገጹን ፍለጋ ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማ። «ስህተት አለ፤ ይቁም» አለ ክንፉ። ከኋላ አንድ ሰው «ታንብብ» አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሶሊያና ቀጠለች።

«ዙፋንን ማንም አልነካትም። በወባ ሞተች። እናቷ እናትነሽ በእጇ ገንዛ ቀበረቻት።»

አሰጋሽ ሰውዬው «ይቁም» እያለ ሲለምን ስትሰማ ደስ አላት። ደስታዋን ልትደብቅም አልሞከረች።

እናትነሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ሰውየው እዚያው አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«ይሰማል?»

«ይሰማል።»

ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «እንግዲያ ለአንባቢዋ ንገሪያት፤ ከመጀመሪያው ትድገመው።»