የሁለት ሰዓት መንገድ

የመቐለው አስተማሪ ፈንታሁን መንገድ ሲያስረዝም የሚደርስበት አልነበረም። አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ለወይዘሮ የትምወርቅ በየዓመቱ ይጽፋል፤ በየዓመቱም መንገዱ ይብሳል። በመጀመሪያው ደብዳቤ በጭነት መኪና አራት ቀን ነበር። በሁለተኛው ስድስት ሆነ። በሦስተኛው የአምባላጌ ገደል ተናደ። ኧረ እሱ በብዕሩ ያልናደው ገደል፣ ያልሰበረው ድልድይ የት አለ!

እውነቱ ሌላ ነው። አባቱ የሞቱ ጊዜ ከቀብሩ አልደረሰም። ለተዝካሩ እመጣለሁ ብሎ ከጻፈ በኋላም፣ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ ሲል ቀረ። ከዚያ ወዲያ ኀፍረቱ እየከበደው ስድስት ዓመት ሞላ። ጭንቀቱ አንድ ነበር፤ ያስቀረው ኀፍረት መሆኑን እናቱ እንዳያውቁበት።

በ፲፱፻፵፩ ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ የእናቱ ቴሌግራም ደረሰው። «አንተ መምጣት ካልቻልክ እኔ በቅዳሜው አውሮፕላን እመጣለሁ» ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ኲሓ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የመንገደኛ ዕቃ የሚያወርደውን የወሎውን ሰው፣ ጀላሉን፣ ጠየቀው።

«ከአዲስ አበባ ስንት ይፈጅበታል?»

«ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ መምህር። በአየር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ገደሉን ሁሉ አይዞር።»

ፈንታሁን በየደብዳቤው የጻፋቸውን ቀኖች በጣቱ ቆጠረ።

አውሮፕላኑ አርፎ እናቱ ወረዱ። ጀላሉ ከኋላቸው አንድ ትልቅ አቁማዳ ተሸክሞ መጣ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ የሳምንት ስንቅ ነበር። ልጃቸው ሩቅ ነው ብሎ የለ!

አገላብጠው ከሳሙት በኋላ፣ «የስንቁን አፍ እንኳ ሳልፈታው ደረስን እኮ» አሉት። «ደርሰናል ውረጂ ሲሉኝ፣ ለአዳር ነው ብዬ አልነሣም አልኳቸው።»

ጀላሉ ሳቀ። ፈንታሁን ግን መሳቅ አቃተው። እንደለመደው ሌላ ገደል ሊንድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የእናቱን ዐይን ሲያይ ተወው።

«እማዬ፣ ያስቀረኝ መንገዱ አይደለም» አላቸው። «የአባዬ ቀብር ላይ ሳልገኝ ቀርቼ፣ ፊትሽን ማየት አፍሬ ነው። የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው።»

ወይዘሮ የትምወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የተዝካሩ ዕለት ዳሱን አላስፈረስኩም» አሉት። «መንገዱ አራት ቀን ነው ስላልከኝ፣ ዛሬ ተነሥቶ ቢሆንስ ብዬ አራት ቀን ጠበቅኩህ። ጎረቤቱ ሁሉ አበደች አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት መውጣት አፈርኩ።»

ፈንታሁን አቁማዳው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያፈረ እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እንባውን በእጁ ጀርባ ቢጠርገው ቢጠርገው አልቆም አለው።

እናቱ ክንዱን ይዘው አነሡት።

«በል ተነሥ» አሉት። «ቤትህስ ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?»