የበግ መድኃኒት ያላቆመው ቢጫ

የሞስ ደም ያለበት ቱቦ ቢጫ ሆነ። ናይሪ ግን እንደ ውሃ ጠርቶ ይቀራል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠረችው መድኃኒቱን ነው። ጊዜው አልፎበት መሆን አለበት አለች።

ላቦራቶሪው ውስጥ አብራት የምትሠራው ሳሞአዊቷ ሉፔ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል፣ "እሱ እኮ የበግ ትል ማስወጫ ነው፤ ሞስ በግ መሰለሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?" ብላ አሾፈችባት።

ማሾፏ ነው እንጂ ሉፔም ታውቃለች። ኢንቨርካርጊል ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ በጉን የሚግተው ሌቫሚሶል እነሱ ጋ ሌላ ሥራ አለው። ደም ውስጥ ኤ ኤል ፒ የሚሉት ኢንዛይም አለ። ስሙ አንድ ነው፤ ግን አጥንት የሚሠራው፣ ጉበት የሚሠራው፣ አንጀት የሚሠራው እንደ ወንድማማቾች ናቸው፣ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሌቫሚሶል ጠብ ሲልባቸው የአጥንቱና የጉበቱ ቀጥ ይላሉ፣ ቢጫ ቀለም ማውጣቱን ይተዋሉ። የሞስ ደም ግን ጭራሽ የሰማም አይመስል።

ሞስ የአያቷ የራዊሪ ውሻ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም፣ ኤ ኤል ፒው ጣሪያ ነክቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ጉበቱን ዳብሶ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ከሚሰቃይ ዓርብ መርፌ ወግተን እንገላግለው አለ። አያቷም እሺ አሉ። ናይሪ ናት ዓርብ ሳይደርስ ደሙን አንዴ ልየው ብላ የለመነችው።

እና አሁን ይሄ ቢጫ። ከፍሪጁ የአንድ ቡችላ ደም አወጣች፤ ቡችላ አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ኤ ኤል ፒው የአጥንት ነው። ከዚያው ጠርሙስ፣ ያንኑ ያህል ጨመረችበት። ጠርቶ ቀረ። መድኃኒቱ ደህና ነው ማለት ነው። ታዲያ ሞስ ደም ውስጥ ያለው የትኛው ወንድም ነው?

ሉፔ አሁን ተነስታ መጣች። ሁለቱን ቱቦዎች ወደ መስኮቱ አንስታ አየቻቸው።

"የአንጀቱ ውሻ ደም ውስጥ ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም፤ ይሄ የኮርቲዞን ነው" አለች። "ኮርቲዞን ሲበዛበት የውሻ ጉበት ሌላ ዓይነት መሥራት ይጀምራል። እሱን ደግሞ ይሄ መድኃኒት አይነካውም።"

ናይሪ ወዲያው ሐኪሙ ጋ ደወለች። የዓርቡ ይቆይ አለ። ግን ኮርቲዞኑ ከራሱ ከውሻው ዕጢ ነው ወይስ ከውጭ፣ ከመድኃኒት? ሲል ጠየቃት። ከውጭ ከሆነ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፤ በአንዴ ከተቋረጠበት ሊሞት ይችላል። ሽማግሌውን ጠይቋቸው ነበር፤ ክኒንም መርፌም አልሰጠሁም ብለው ተቆጥተውታል።

አያቷ ደግሞ አይዋሹም። ናይሪን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነው። ከሞስ በፊት የነበረው ውሻቸው ራሳቸው ፖሰም ለሚባል ተባይ አውሬ ያስቀመጡትን መርዝ በልቶ ነው የሞተው። ያኔ ብርዱ እስኪወጣ ከቤት አልወጡም። ሞስንም ልጆቻቸው ናቸው በግድ ያስታቀፏቸው፤ በኔ እጅ ይሄኛውም ከተጎዳ ለሰው እሰጠዋለሁ፣ ሁለተኛ ውሻ አላሳድግም ብለው ነው የተቀበሉት።

ከሥራ ስትወጣ በዚያው አፓሪማ፣ አያቷ ቤት ሄደች። ቤቱ የቲቲ ሽታ ብቻ ሆኗል፤ ወፏ ድስት ውስጥ ትንተከተካለች። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ሞስ መጣ፣ አገጩን ጉልበታቸው ላይ አስደገፈና ክንዳቸውን ከክርን እስከ አንጓ ይልስ ጀመር፤ ዝግ ብሎ፣ የየቀን ሥራው የሆነ ይመስል።

ክንዳቸው ያብረቀርቃል።

"ፖዋ፣ ምንድነው የተቀቡት?" አለች፤ አያቷን የምትጠራቸው እንዲህ ነው።

"ለእከኬ ነዋ። ብርዱ ሲገባ ነው ሐኪም ያዘዘልኝ። ይሄ ሆዳም ደግሞ ይወደዋል፤ እንደዚህ ካልላሰኝ እንቅልፍም አይወስደኝ።"

መስኮቱ ላይ ያለውን ክሬም አንስታ ጽሑፉን አነበበች። ኮርቲዞን ነው፤ ያውም ጠንካራው ዓይነት። መልሳ አስቀመጠችው።

አያቷ ፊቷን አይተው ገባቸው፤ የሆነ ነገር አግኝታለች።

"ከጎረቤቶቼ አንዱ ነው አይደል?" አሉ። "ውሻዬን አንድ ነገር እያበላብኝ ነው። ንገሪኝ፣ ማን ነው?"

ሞስ መላሱን አላቆመም። እጃቸው ጆሮው ላይ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?