ድንጋይ ለበስ

ልብስ ሰፊዋ ሆስፒታል ስትደርስ ሹራቧ ላይ የክር ቁራጭ እንደተለጠፈ ነበር። አናጺው አባቷ መለስተኛ ስትሮክ ከመታቸው አራተኛ ቀናቸው ነው። እግራቸው ተመልሶላቸዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። የዛሬው የንግግርና የአእምሮ ምርመራ ነው። ካለፉ ወደ ቤታቸውና ወደ መጋዛቸው ይመለሳሉ። ከወደቁ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ይዘጋል፤ እሳቸውም ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። አርባ ዓመት እንጨት ሲያነጋግሩ የኖሩ ሰው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ ማሰብ ለልጃቸው ከሞት አይሻልም።

የንግግር ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ናት፣ በር ላይ ጠበቀቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እህቴ፣ የእንስሳት ሥዕል ነበር ያሳየኋቸው። ከአሥሩ አራቱን ስተዋል። ስሙ ሲጠፋቸው ከራሳቸው ቃል ይፈጥራሉ። ኤሊን ‹ድንጋይ ለበስ›፣ የሌሊት ወፍን ‹ዘቅዝቄ›፣ ጃርትን ‹ቀስቶ›፣ እስስትን ‹ልውጦ› አሉ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ኧረ የኛ ቤት ስም ነው! አያቴ ከትውልድ አገሯ ይዛው የመጣችው ነው። እኛ ቤት ኤሊ የሚባል ነገር የለም።»

«አትቀየሚኝና፣ ቤተሰብ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል። ባለፈው ወር አንዷ፣ ባሏ ሰዓቱን ‹ድስት› ሲል ‹ቀልዱ ነው› ብላኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። አባትሽ ደግሞ መጋዝ ይይዛሉ፤ ተሳስቼ ብለቃቸው የሚያጡት ጣታቸውን ነው። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

ማን ይኑር? ልብስ ሰፊዋ በሰባት ዓመቷ ክፍል ውስጥ «ድንጋይ ለበስ» ብላ ተማሪው ሁሉ አሽካክቶባት፣ ዓመቱን ሙሉ ስሟ እሱ ሆኖ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ቃሎቹን ከአፏ አውጥታቸው አታውቅም። ልጆቿ አንዱንም አልሰሙም። አሁን ምስክር ብትፈልግ በገዛ ቤቷ አንድ ሰው አጣች።

«አክስቴ አለች» አለች በመጨረሻ። «ሩቅ ናት እንጂ።»

ሐኪሟ ሥዕሎቹን ራሷ በልብስ ሰፊዋ ስልክ አነሳቻቸው። አንድም ቃል ሳይጻፍባቸው ለአክስት ተላኩ። ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አንቺ! ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ የአውሬ ፎቶ ትልኪልኛለሽ? ጤናም የለሽ?»

«አክስቴ፣ እባክሽ አሁን አትቆጪኝ። ስማቸውን ብቻ ንገሪኝ።»

«ሕፃን የሚያውቀውን! የመጀመሪያው ድንጋይ ለበስ። ሁለተኛው ቀስቶ። ያቺ መልኳ የማይጨበጠው ልውጦ። የመጨረሻው ዘቅዝቄ ነው፤ እሱን እንኳ ወንድሜን ጠይቂው፤ ጣሪያ ሥር አግኝቶት ሱሪው እስኪረጥብ ጮኋል።»

«ውሸቷን ነው!» አሉ አናጺው ከአልጋቸው። «የጮኸችው እሷ ናት!»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አራቱን ስህተቶች ከምርመራ ቅጹ ላይ አንድ በአንድ ሰረዘችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይቅርታ፤ አገርዎን ባለማወቄ ነው። እንስሳቱን አሥር ከአሥር አግኝተዋል። ከዕቃ ሥዕሎቹ ግን ሹካን ‹ማንኪያ› ብለዋል፤ ይሄኛው የእውነት ስህተት ነው፣ አብረን እንሠራበታለን። መጋዙን አንድ ወር አይነኩም። ነገ ግን ቤትዎ ይገባሉ።»

«ልጄ፣ የተጣመመው አፌ ነው እንጂ ነገሬ ቀጥ ያለ ነው» አሏት።

ሐኪሟ አራቱን ቃላት በቅጹ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ከዚያ አገር ሌላ ሰው ቢመጣ ብላ ነው። አናጺው አንድ በአንድ ያስጽፏታል፤ አክስት በስልኩ ውስጥ «አይደለም፣ ዘርዝረህ ንገራት!» እያለች ታርማለች።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ሆዷ ሲጮህ ሰማችው፤ አራት ቀን ሙሉ ምግብ ከጉሮሮዋ አልወርድ ብሎ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ልግዛልህ?»

«አንቺ መጀመሪያ ብዪ፣ እናቴ» አሉ። «የኔ ጉዳይ አልቋል።»