የዓርብ ዘይት

"ንግድ በደም የሚወረስ ነው፤ አይማሩትም" የሚል ሰው ያናድደኛል። እኔ አስተምሬአለሁና! በአልጋ ወራሹ ዘመን፣ አዳማ ገና ከባቡር ጣቢያው ዙሪያ ያልራቀች ከተማ ሳለች፣ ባሌ ሞቶ የተወልኝን ሱቅ ይዤ ንግድ እማራለሁ ያለውን ልጅ ሁሉ እቀበል ነበር። ዳዊት የደገመም ይምጣ፣ ቁርአን የቀራም ይምጣ፣ ደንቤ አንድ ነው። ጥሬ ብር አልሰጥም፤ ዕቃ እሰጣለሁ። ብር የያዘ ልጅ ማሰቡን ይተዋል።

ከሁሉም ሁለቱን አልረሳቸውም። አንደኛዋ የእህቴ ልጅ ከሪማ ናት። ሥራ የማይከብዳት፣ ወሬም የማያልቅባት ልጅ ናት። ሁለተኛው ሁንዴ ይባላል፤ ከሞጆ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቶ ገና ጢሙ ያላቀነቀነ ዝምተኛ። አባቱ ገርባ እኔ ዘንድ ያመጣው ወዶ አይደለም፤ መሬቱ ለወንዶች ልጆቹ ሁሉ አልበቃ ብሎት ነው። ሲያስረክበኝ ቆፍጠን ብሎ እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ ኡሙሰልማ፣ ነጋዴ ሳይዋሽ አያድርም ይባላል። ልጄ ለጥቅም ብሎ ሰው ሲያታልል ካየሁ የዚያኑ ቀን ወስጄ ሞፈር አስይዘዋለሁ። ቢራብም ከወንድሞቹ ጋር ይራብ።"

"እኔስ ምን ስዋሽ አዩኝ?" አልኩት።

"እርስዎን አላውቅም። የማውቀው ልጄን ነው።"

ይህ መልሱ ቅር አላሰኘኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሁንዴ ግን ንግዱን ወደደው። ሱቁን ሲጠርግ እንኳ ገዢ ከመጣ መጥረጊያውን ጥሎ ይቆምና እንዴት እንደምከራከር አፍ አፌን ያየኛል። "ወደ እርሻው ከሚመልሱኝ ጅቡቲ ድረስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል" ብሎ ለከሪማ ነግሯታል።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ቀላል ነው። "ሂዱና ጣቢያው ላይ ቁሙ። ሰው የሚገዛውን አትዩ፤ ፈልጎ ያጣውን እዩ" ብዬ ሰደድኳቸው። ሲመለሱ ሁንዴ "መንገደኛው ውሃ ይፈልጋል" አለ። ውሃውንማ ቀድመውት የሚሸጡ ሞልተዋል። ከሪማ ግን "ሰዉ ተርቧል፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ትኩስ ምግብ ሲፈልግ የሚቀርብለት ቆሎ ብቻ ነው" አለች። ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ። ሳምቡሳ ሊሠሩ ተስማሙ፤ እሷ ልትጠብስ፣ እሱ ሊሸጥ። ዱቄቱንና ዘይቱን ከሱቄ ሰጠኋቸው፤ ሥጋውን ከእኛው ከሙስሊሙ ሥጋ ሻጭ አመጣች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳይሞክሩ ቅርጫት ሙሉ ጠበሱ። ሐሙስ ዕለት ባቡሩ እንደቆመ ሁንዴ ከመስኮት መስኮት ሮጠ። አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ነጋዴ ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉና የልጁን አንገት አዩ። ጥቁር ማተቡ ከሩቅ ይታያል። እጃቸውን ሰበሰቡ። ቀጥሎ አንዲት ወይዘሮ "ሥጋው የማን ነው?" ብለው ጠየቁት። "የእስላም ነው" አለ። ፊታቸውን አዞሩበት። በዚያ ባቡር ማተቡን ያየ ሙስሊም አልገዛም፤ መልሱን የሰማ ክርስቲያንም አልገዛም። እኛ የአዳማ ሰዎች የማን ሥጋ ከማን ቤት እንደሚወጣ ስለምናውቅ መጠያየቅ ረስተናል። መንገደኛ ግን የሚያምነው ያየውን ብቻ ነው፤ ይህን አንዳችንም አላሰብነውም ነበር።

ቅርጫቱን እንደሞላ ይዞ ሲመጣ ደሜ ፈላ። "ሙስሊሞቹ ዘንድ ስትደርስ ጋቢህን ወደ አንገትህ ሳብ ብታደርገው ምን ነበረበት! ሥጋው እንደሆነ በርግጥ የእኛው ነው፤ ማንን አታለልክ?" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዞር ስል ገርባ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ለገበያ መጥቶ ልጁን ሊያይ ጎራ ማለቱ ነው።

"ይኸው!" አለ። "ማተብ መደበቅ እዚህ ቤት ንግድ ይባላል። ነገ ይዤው እሄዳለሁ።"

ሁንዴ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ያዘ። "አባኮ፣ አልደበቅሁም እኮ። የነገውን ባቡር ብቻ ልሽጥና በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ።"

ገርባ ልጁን ከጉልበቱ አነሳና "እሺ፣ የነገውን ብቻ" አለ። ሁንዴ መሬቱን ተመልክቶ "ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው፤ ምን ልንሸጥ ነው?" ሲል ከሪማ ፈጥና "ምስር! ምስር አይታረድ!" አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ገርባ እንኳ ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። እውነቷን ነው፤ ምስሩን ጾመኛውም ይበላዋል፣ ሙስሊሙም ይበላዋል።

በማግስቱ አራታችንም ጣቢያው ላይ ቆመን ስንጠብቅ ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር ዘግይቶ፣ ጾመኛው እህል ከሚቀምስበት ሰዓት በኋላ ገባ። ሁንዴ የመጀመሪያውን ሳምቡሳ ለአባቱ ሰጠ። ገርባ አማተበና ገመጠ፤ ጣመው መሰለኝ፣ ሳይጋብዙት ሁለተኛውን አነሳ። ልጁ መስኮቶቹ ጋ ሲደርስ ተሳፋሪዎቹ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቁት። "ምስር ነው፣ የጾም ነው" ይላል፣ ይገዙታል። ነጠላ የለበሰውም ጥምጣም ያደረገውም ሲሻሙበት ሳይ፣ ወላሂ፣ ሱቁን ተረክቤ በራሴ እጅ የከፈትኩ ቀን እንኳ እንዲህ አልተደሰትኩም።

ቅርጫቱ ሊያልቅ ሲል ከሪማ ደስታዋ አላስችል አላትና "አየህ ሁንዴ፣ አክስቴ እንዳስተማረችን ምንም አላባከንኩም። የትናንቱን ዘይት እንኳ አልደፋሁትም፣ እሱኑ ነው የጠበስኩበት" አለችው።

የልጁ ፊት ዐመድ መሰለ። ከሪማ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ በእሷ ዘንድ ዘይቱ ንጹሕ ነው። የእኛ ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት፣ በዓርብ ጾም፣ ለክርስቲያን ምን ማለት እንደሆነ እኔ ግን አውቃለሁ። "ማን ያውቃል፣ ዝም በል" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ገርባ አጠገቤ ነበርና መልሼ ዘጋሁት። ባቡሩ ጮኸ። ትንሽ ብቻ ዝም ቢል ባቡሩ ምስክሩን ሁሉ ጭኖለት ይሄድ ነበር።

ሁንዴ ግን ሮጠ። "ጾመኞች፣ አትብሉት! ዘይቱ የእስላም ሥጋ የተጠበሰበት ነው! አላወቅሁም ነበር፣ አትብሉት!" እያለ በየመስኮቱ ጮኸ። አንዱ እንትፍ አለ። አንዷ የያዘችውን በፊቱ ወረወረችበት። የተቀበለውን ቤሳ እያፈሰ፣ የገዛውንና ያልገዛውን መለየት አቅቶት፣ እጁን ለዘረጋ ሁሉ ሰጠ። ባቡሩ እየሄደ እንኳ አጠገቡ እየሮጠ ይመልስ ነበር። ሲመለስ ቅርጫቱም ኪሱም ባዶ ነበር፤ እርግማን ብቻ ጠግቦ መጣ።

አባቱ የተገመጠውን ሳምቡሳ በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ሁንዴ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

"አባኮ፣ መጀመሪያ የሰጠሁት ለእርስዎ ነው። በጾም ቀን ያበላሁዎት እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ እንጂ!" አለች ከሪማ እያለቀሰች። "ዘይቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን ያውቃል?"

"ሻጩ እኔ ነኝ" አላት።

በዚያች ሰዓት ልጁን ከሆዴ እንደወጣ ልጅ ወደድኩት፤ ደግሞም የማጣው መሰለኝና ፈራሁ። ይህን ትምህርት እኔ አላስተማርኩትም፤ ላስተምረው ብልም አልችልበትም ነበር። አባቱን ልለምን ፈለግሁ፤ ግን ትናንት ጋቢህን ሳብ አድርግ ያለች ሴት ምን አፍ አላት?

ገርባ የያዘውን ቁራሽ መሬት ላይ አኖረ። ጣቶቹን በጋቢው ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገ፤ ጢሙንም ጠረገ። ወደ አህያው ሄዶ ጭነቱን ማጥበቅ ሲጀምር ሁንዴ የራሱን ጓዝ ሊያመጣ ወደ ሱቁ ተነሣ።

"ወዴት ነው?" አለው አባቱ።

"ጓዜን ላምጣ።"

"ተወው።" የአህያውን ገመድ ያዘ። "ንስሐ አባቴ ዘንድ እኔ እሄዳለሁ። አንተ ባቡርህን ጠብቅ።"