ሆይት የተሰቀለበት ፊልም

ታናሽ ወንድሜ ሆይት የሞተው ቆዳ ሲጢጥ ስላለ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንደዚያ እላለሁ።

ፊልም አፍ ከማውጣቱ በፊት እኛ ፊልም ላይ የምንጋልብ የካሊፎርኒያ ፈረሰኞች ደልቶን ነበር። ከፈረስ ስንወድቅ እንደ ልባችን እንሳደባለን፤ ካሜራ አይሰማ! በ1931 ግን ማይክሮፎን በርሜል ውስጥ ደበቁብን። የድምፅ ቀረጻ ምልክቷ ቀይ ባንዲራ ከወጣች ማስነጠስ እንኳ ከእንጀራ ያፈናቅላል።

ዳይሬክተሩ ክራንትዝ አንድ ፊልም በስድስት ቀን የሚጨርስ ሰው ነው። በአምስተኛው ቀን ሆይት የሚሰቀልበት ትዕይንት ደረሰ። የሚሰቀል ሰው ሆኖ በመሥራት የሚያህለው አልነበረም። ከሸሚዙ ሥር ከዛፉ ጋር የተያያዘ ወፍራም የቆዳ ማሰሪያ ይታጠቃል፣ ክብደቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ የአንገቱ ገመድ ለዓይን ብቻ ነው። እኔ ቀድሞ የተገደለ ሽፍታ ሆኜ ከዛፉ ሥር ተጋድሜያለሁ።

ድምፅ ቀጂው፣ "ይሄ ሰውዬ በተነፈሰ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል" ብሎ አማረረ።

"ቆዳውን አውልቁና ሸራ አስታጥቁት" አለ ክራንትዝ።

"ሸራ ይችለኛል?"

"አንተን? እፍ ቢሉህ የምትበር!"

ሆይት ከፈረሱ ላይ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "ክሌል፣ አደራህን፣ ሬሳ ሆነህ እንዳታንኮራፋ" አለኝ። ሳቅን።

ባንዲራዋ ወጣች። ፈረሱን ገረፉት፤ ከሥሩ ፈተለከ። ሸራው ሲቀደድ ሰማሁ።

ሆይት ተንፈራገጠ። አንገቱን በጥፍሩ ቧጠጠ፣ ደሙ በሸሚዙ ላይ ወረደ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ደረቴን መታኝ። ሠላሳ ሰው ከቦ ያያል፤ በልባቸው 'አቤት ሲችልበት!' እያሉ ይሆናል፣ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ግን አውቄያለሁ። ብነሳ ሁለታችንንም ያባርሩናል፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ሥራ የት ይገኛል? ምናልባት ገሚሱ ሸራ ይዞት ይሆናል አልኩ። ፈራሁ፣ ሌላ ምን ይባላል። ተጋድሜ ቀረሁ።

ሱሪው በሽንት ሲርስ ነው የተነሳሁት። እየጮህኩ ገመዱን በቢላ ቆርጬ አወረድኩት፤ ነፍሱ ወጥታለች።

"ቀረጻውን አበላሸኸው!" አለ ክራንትዝ።

ጥርሱን አራገፍኩለት። አፍንጫውን ሰበርኩት፤ ጎትተው እስኪያላቅቁኝ ድረስ በበርሜሉ ክዳን ቀጠቀጥኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለእናታችን፣ "ወዲያው ነው የተነሳሁት፣ እማዬ" አልኳት። አመነችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ እኔ አወራች።

ክራንትዝ ፊልሙን አልጣለውም። በጸደይ ከተማችን ቤከርስፊልድ ሲደርስ እናቴ፣ "ልጄ ሲንቀሳቀስ አንድ ጊዜ ልየው" ብላ አስቸገረችኝ። ሲኒማ ቤት እጄን ይዛ ተቀመጠች።

እኔ እስክነሳ ያለውን ሁሉ እንዳለ ትተውታል። ሆይት ይንፈራገጣል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ እኔ ከሥሩ ተጋድሜ አየዋለሁ። አለቀ ስል አያልቅም።

እናቴ እጄን ለቀቀች።

"ክሌል" አለችኝ፣ "ዓይንህ ተገልጦ ነበር።"